የእትዬ አበበች የቆርቆሮ መጋዘን

ባለፈው ሳምንት ለጡረታዬ ጉዳይ አንድ አዲስ ሕንጻ ገብቼ ሊፍት ውስጥ ቀረሁ። ሆሳዕናም እንግዲህ ሊፍት ካላቸው ከተሞች ተቆጥራለች፤ የሚያናድደው እኛ ጉልበታችን ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው። ከልጄ ጋር በስልክ እያወራሁ ነበር። "አባ፣ ስትመለስ ሽንኩርት..." እያለች በሩ ግጥም አለ፤ ድምፅዋም እዚያው ላይ ተቆረጠ። ቀጥሎ መብራት ጠፋ። "ሄሎ፣ ሄሎ" ብል ማን ይስማኝ፤ ስልኩ ላይ አንዲት መስመር እንኳን አልቀረችም። ወዲያው ግን ከውጭ የጥበቃው ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ፤ "አባባ፣ አይዞዎት! ጄኔሬተር እያስነሱ ነው፣ ትንሽ ይታገሡ!"

በጨለማው ውስጥ ቆሜ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነበር። ዕድሜ ልኬን ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ፣ ትምህርቱ ራሱ መጥቶ ሳጥን ውስጥ ከተተኝ አልኩ። ኮረብታው ላይ ካለው አንቴና ተነሥቶ ጭቃ ግድግዳ፣ ዝናብና ባሕር ዛፍ ሳይመልሰው ኪሴ ድረስ የሚመጣው የስልክ ሞገድ በአንድ ስስ ብረት ተመለሰ። ኳስ ሜዳ እንኳን በቅጡ የማይሻገረው የጥበቃው ጩኸት ግን ብረቱን አንቀጥቅጦ ገባ። አንደኛው ኤሌክትሮማግኔቲክ ሞገድ ነው፣ ሌላኛው የድምፅ ሞገድ ነው፤ በአንድ ቃል "ሞገድ" እያልን ብንጠራቸውም ተፈጥሯቸው ለየቅል ነው። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ትዝ አለኝ። መብራት መጥቶ በሩ ሲከፈት ጥበቃው ፊቴን አይቶ "በጣም ደነገጡ እንዴ አባባ?" አለኝ። አልደነገጥኩም ነበር። አፍሬ ነው።

ወጣት አስተማሪ ሆኜ ከአንጋጫ ወደ ሆሳዕና ስመደብ፣ ጎፈር ሜዳ አካባቢ አንድ ክፍል የተከራየሁት እትዬ አበበች ከሚባሉ ባልቴት ግቢ ነው። ዘመኑ የካኪ ዘመን ነበር፤ ሰላምታው "ጓድ"፣ ስኳሩና ሳሙናው በቀበሌ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ በየሳምንቱ ውይይት። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም ይጠጣል፣ ዳቦ በአሥር ሳንቲም ይገመጣል፤ ዳቦው ደግሞ ዳቦ ነበር፤ የዛሬው አየር ነው። እኔ ግን ከዳቦውም ከሻዩም በላይ የሚናፍቀኝ ያ ቡናማ ቴትሮን ሱሪዬ ነው። ከላይ ጠበብ፣ ከታች ጫማ እስኪሸፍን ሰፋ ያለ፤ የሰፋልኝ ልብስ ሰፊ "መምህር፣ በዚህ ሱሪ የሆሳዕናን ጭቃ ጠርገህ ልትጨርስ ነው" እያለ ይስቅብኝ ነበር። እውነቱን ነው፤ ክረምት ሲገባ የሱሪዬ ጫፍ ቀይ ሆኖ ይከርማል። አፍሮዬን አበጥሬ በዋናው መንገድ ስወርድ ከሻይ ቤቱ ቴፕ የሚወጣው የፍቅር ዘፈን እስከ ማዞሪያው ይሸኘኛል፤ ከዚያ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ በመዝሙር ይቀበለኛል። ሁለቱ የሚደባለቁባት አንዲት ጥግ ነበረች፤ እዚያ የቆመ ሰው ማፍቀር ይሁን መዝመት እንዳለበት አይለይም። ዛሬ ጥጓ ላይ የሞባይል መሸጫ አለ። አስተማሪ የነበርኩ ሰው አሁንም ሳልፍ ቆም እላለሁ፤ ልጆቹ ሽማግሌው ስልክ አማረው ይላሉ መሰለኝ።

እትዬ አበበች የሀዲያ ሰው ናቸው፤ እኔ ከምባታ ነኝ። እሳቸው በሀዲይኛ፣ እኔ በከምባትኛ ስናስብ ቆይተን መሃል ላይ በአማርኛ እንገናኛለን። የሁለታችንም አማርኛ ሰው ቤት እንደተቀመጠ እንግዳ ጥንቃቄ ያበዛ ነበር። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ የስንዴ ነጋዴ ነበሩ። ከቤቱ ኋላ፣ እንሰቱ ከሚጀምርበት ላይ፣ ለእህል ያሠሩት መጋዘን ነበር፤ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ፣ በሩም ላሜራ። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ባዶውን ቆሞ ዶሮ የሚተኛበት ሆነ። ሰውዬው የተዉላቸው ሌላ ንብረት የቆዳ ልብስ የለበሰ ሬዲዮ ነው። የገዙት መዝሙር ሊሰሙበት ነበር። ቤተሰቡ የጸሎት ቤት ሰው ነው፤ ጸሎት ቤቱ ግን ያን ጊዜ ተዘግቶ የቀበሌ አዳራሽ ሆኗል። እትዬ አበበች ልብስ ሲያጥቡ መዝሙር በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ፤ ከአጥር ውጭ ኮቴ ሲሰሙ ያቆማሉ። የሬዲዮውን ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እያሰጡ፣ ትንሽ ነፍስ ሲዘራ መልሰው እየከተቱ ያኖሩት ነበር።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ማርቆስ። እኔ ግቢው ስገባ እሱ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ቆይቷል፤ የማውቀው በግድግዳው ፎቶ ነው። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ሳቁ ከከንፈሩ ቀድሞ ዓይኑ ላይ የሚታይ ልጅ። ሠራዊቱ ውስጥ የመገናኛ ወታደር ሆኖ ሬዲዮ በጀርባው ተሸክሞ ነበር የሚዞረው። ከመሄዱ በፊት ሽማግሌ ተልኮ ቀለበት ያሰረላት እጮኛ ነበረችው፤ ታደለች። አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ አረንጓዴ ሹራቧን ለብሳ፣ ለእትዬ አበበች ዳቦ ይዛ ትመጣለች። ሁለቱ በር ላይ ተቀምጠው ሰፌድ ይሰፋሉ፤ ብዙም አያወሩም። እኔ መስኮቴ አጠገብ ደብተር እያረምኩ እቀመጣለሁ። ቅዳሜ የማርመው ደብተር ለምን እንደሚበዛ ያን ጊዜ ራሴን አልጠየቅሁም። ዛሬ ቢጠይቁኝ መልሱን አውቀዋለሁ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ግድም ለአሥረኛ ክፍል ስለ ሞገድ አስተማርኩ። ትምህርት ቤቱ መሣሪያ የሚባል ነገር የለውም፤ ባለኝ ነገር ነው። ልጆቹን በሰልፍ አቆምና የኋለኛውን ገፋ አደርገዋለሁ፤ መገፋቱ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ፊተኛው ጋ ሲደርስ "ይኼ ድምፅ ነው፤ የሚገፋ ነገር ከሌለ አይሄድም፤ አየር ከሌለ ጨረቃ ላይ ብትጮኹ ማንም አይሰማችሁም" እላለሁ። ከዚያ በመስኮት ማዶ ባሕር ዛፍ የሚቆርጠውን ሰው አሳያቸዋለሁ፤ መጥረቢያው ያርፋል፣ ድምፁ ቆይቶ ይመጣል። "ብርሃኑ ወዲያው ደርሷል፤ ብርሃንና የሬዲዮ ሞገድ ወንድማማች ናቸው፤ አየርም አይፈልጉም፣ ማንም አይገፋቸውም፣ ከፀሐይ እስከዚህ በባዶው ይመጣሉ።" የባንዲራውን ብረት በድንጋይ አስመታና ሌላውን ልጅ ጆሮውን እንዲለጥፍበት አደርጋለሁ፤ ጆሮውን ይዞ ሲዘል ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። ብረት ድምፅን እንዲህ ያደርሳል። የመጽሐፉ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ ብረት የሬዲዮን ሞገድ እንደማያሳልፍ የምትናገር። ፈተና ላይ ስለማትመጣ ነው መሰለኝ በላይዋ አልፌ ሄድኩ።

በዚያ ሰሞን ከሀደሮ አንድ ቁስለኛ ወታደር ክራንች ይዞ ግቢያችን መጣ። ከማርቆስ ጋር አንድ ጦር ውስጥ ነበር። ጦሩ እንደተከበበ፣ እሱ በመኪና ሲወጣ ማርቆስ ወደ ኋላ እንደቀረ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ይሙት ይማረክ እንደማያውቅ ለእትዬ አበበች ነገራቸው። ሲሄድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ጨመረ፤ ምርኮኞቹን በዚያኛው ወገን ሬዲዮ ያናግሯቸዋል፣ ማታ ሳይሆን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በአጭር ሞገድ፤ "በሕይወት ካለ አንድ ቀን ይናገራል፤ ጆሮዎን ጣል ያድርጉ።" ያንን ጣቢያ ሲያዳምጥ የተገኘ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም። የአብዮት ጥበቃው አግዳሚ ወንበር ደግሞ ከአጥራችን ሥር ነበር፤ ሰዎቹ ሲያስነጥሱ "ይማርህ" ለማለት እንቀርባቸዋለን።

ትምህርት ተዘግቶ ወደ አንጋጫ ልሄድ ሻንጣዬን ስቋጥር እትዬ አበበች በሬ ላይ መጥተው ቆሙ። እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለውታል።

"መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ለሰው አትንገር።"

"ይጠይቁኝ እትዬ፤ ይግቡ።"

"ሬዲዮ ስከፍት መንግሥት ያውቃል? የትኛውን ጣቢያ እንደሰማሁ የሚያሳይ መኪና አላቸው ይላሉ።"

እዚህ ላይ አስተማሪነቴ ተነሣብኝ። ሴትዮዋ የሚጠይቁኝ የልጃቸውን ነገር ነው፤ እኔ ግን የተጠየቅሁት ፊዚክስ መሰለኝና ደስ አለኝ።

"የሬዲዮ ሞገድ ዝናብ ማለት ነው እትዬ። በሁሉም ቤት ላይ ይዘንባል። እርስዎ ሬዲዮ ሲከፍቱ ጣሳ ደቀኑ ማለት ነው። ዝናቡ ማን ጣሳ እንደደቀነ ያውቃል?"

ትንሽ ፈገግ አሉ። "አያውቅም።"

"አያውቅም። የሚያጋልጥዎት ድምፁ ነው። ሬዲዮው ያንን ሞገድ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል፤ ድምፅ አየሩን እየገፋ አጥር ዘልሎ እነዚያ ጆሮ ይገባል። እሱን ነው መጠንቀቅ።"

"እንግዲያ ድምፁን ካፈንኩት የሚያውቅብኝ የለም።"

"ማንም።"

አሰቡ። ወደ ቤቱ ኋላ ዞር ብለው አዩ። "መጋዘኑስ? ዙሪያውን ቆርቆሮ ነው፣ በሩም ብረት ነው። በዚህ ክረምት ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታው ከውስጥ ቢጮሁ አይሰማም። እዚያ ብገባስ?"

የአንጋጫ መኪና ረዳት ከማዞሪያው ሲጣራ ይሰማኛል። ከሄደ የሚቀጥለው ነገ ነው። ሻንጣዬን አንሥቼ "ጥሩ ነው" አልኳቸው።

ጥሩ ነው። ዝናብ ነው ብዬ በአፌ ከነገርኳቸው በኋላ፣ ጣሳውን ቆርቆሮ ሥር እንዲደቅኑ ፈቀድኩላቸው። በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ስለ አንጋጫው መኪና ብቻ ነበር ብዬ ብምል በሐሰት አልማልኩም። ግን አንድ ተማሪ በፈተና እንዲህ ቢመልስልኝ በቀይ እስክሪብቶ እሰርዝበት ነበር፤ ለእናት የሰጠሁትን መልስ ማን ያርምልኝ? ሌሎች ሰዎች ወንጀላቸውን ሲያስቡ ቢያንስ ክፋት ያገኙበታል፤ እኔ ስቆፍር የማገኘው ችኮላ ብቻ ነው። ችኮላ ይቅር የሚባል ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ከክፋት የባሰ ሆኖብኛል፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ስለ ሌላው ሰው አስቧል።

ያ ክረምት በአንጋጫ ጥሩ ክረምት ነበር፤ ይኼም ያሳፍረኛል። የአባቴን እንሰት ስኮተኩት፣ ከጓደኞቼ ጋር ስጫወት፣ በዝናብ ቀን ቆጮ በጎመን እየበላሁ ስተኛ፣ አንድ ቀን እንኳን "እትዬ ምን ሰምተው ይሆን?" አላልኩም። ስመለስ አዲሱ ዓመት ገብቶ አደይ ፈክቷል። እትዬ አበበች ከስተው፣ ዓይናቸው ጎድጉዶ ጠበቁኝ። ክረምቱን ሙሉ በአሥራ አንድ ሰዓት መጋዘኑን ከውስጥ ቀርቅረው፣ ሬዲዮውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። "አንዳንድ ቃል ይመጣል፣ ከዚያ ሽሽሽ ይላል" አሉኝ። "መንግሥት ነው የሚያፍነው ይላሉ። የሌላ ሰው ልጅ ስም ሲጠሩ ሰማሁ፤ የእኔን ግን የለም።" መንግሥት ጣቢያውን ያፍን እንደነበር እውነት ነው፤ ሁሉም ሰው በሽሽታው መሃል ነበር የሚሰማ። ስለዚህ እኔም አመንኩ። ፊዚክስ አስተማሪው፣ መጋዘኑን በዓይኑ እያየ፣ አመነ።

ከዚያ መስቀል መጣ። በእኛ አገር መስቀል ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ልጅ አዲስ አበባም ይሁን ወንጂ ሸንኮራ ቆረጣ፣ ታሞም ተጣልቶም ይሁን፣ ለመስቀል ቤቱ ይመጣል፤ መምጣት ካልቻለ ቃሉ ይመጣል። የሀዲያ እናቶች ያን ሰሞን ቅቤና ቡላ አዘጋጅተው መንገድ መንገድ ያያሉ። እትዬ አበበች ለማርቆስ ድርሻ አስቀመጡ፤ ከቡላና ከቅቤ የሠሩትን አታካና በሣህን ሸፍነው። ከበዓሉ ማግሥት ሣህኑን ገለጡት፣ ለጎረቤት ልጆች ሰጡት፣ ከዚያ ቁጭ ብለው "ልጄ ሞቷል" አሉ። "በሕይወት ቢኖር ለመስቀል በሬዲዮም ቢሆን ይመጣ ነበር።" ማንም አልተከራከራቸውም። ድንኳን ተተከለ፣ የገጠር ዘመዶች በፈረስ መጡ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳይቀር ካኪውን ተኩሶ መጥቶ ስለ ጀግንነት ንግግር አደረገ። ታደለች አረንጓዴ ሹራቧን አውልቃ ጥቁር ለበሰች። ድንኳኑን ከሚተክሉት አንዱ እኔ ነበርኩ።

የሚቀጥለውን አጠር አድርጌ ልናገር፤ ማስረዘም አልችልም። ታደለች ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቷን አላቆመችም፤ እኔም ከመስኮቱ አጠገብ ተነሥቼ በር ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። ዓመቱ ሳይዞር ሽማግሌ ላክሁ። "ትንሽ ቆይ" አለችኝ አንድ ቀን፤ "ለምን?" ስላት ሰፌዷን አነሣች። ቤተሰቦቿ ደመወዝተኛ ነው ብለው ወደዱኝ። እትዬ አበበች ራሳቸው መጥተው እጇን በእጃቸው ይዘው "እሱ እንደ ልጄ ነው፤ ባይሆን ከሌላ ሰው እሱ ይሻለኛል" ብለው አስማሟት። በሠርጋችን ቀን ለእኔ እናት ሆነው የተቀመጡ እሳቸው ናቸው።

ጊዜው አለፈ፤ ካኪውም፣ ድምፅ ማጉያውም አለፉ። የመጀመሪያ ልጃችን ቆማ መሄድ በጀመረችበት ሰሞን፣ ጦርነቱ አብቅቶ ምርኮኞች ወደየአገራቸው ሲመለሱ፣ ማርቆስ በእግሩ ከመናኸሪያ ወደ እናቱ ቤት ገባ። የሆሳዕና ሰው ያበደው በዚያ ቀን ነው። እትዬ አበበች ራሳቸውን ስተው ወደቁ፣ ሲነሡ እንደገና አይተውት እንደገና ወደቁ። ጎረቤቱ "ያለቀስንልህን እንባ መልስልን!" እያለ ይጎትተዋል፣ ይስቃል፣ ያለቅሳል። በግ ታረደ። እኔና ታደለች ልጃችንን አቅፈን ሄድን፤ ባንሄድስ የት እንገባለን? ማርቆስ ተነሥቶ ጉንጬን ሳመኝ፣ የታደለችን እጅ ጨበጠ፣ ልጅቱን ከእጇ ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣት። "ማን ትባላለች?" አለ። ታደለች ስሟን መናገር አቅቷት የተናገርኩ እኔ ነኝ።

ስጋው ሲበላ እትዬ አበበች ልጃቸውን እያሻሹ ያንን ክረምት መተረክ ጀመሩ። "አንተን ፍለጋ ክረምቱን መጋዘን ውስጥ ከረምኩ። መምህር ነው ያስተማረኝ፤ ሞገዱ አያጋልጥሽም፣ ድምፁን ነው ማፈን አለኝ። ቆርቆሮው ውስጥ ገብቼ በሩን ስቀረቅረው ጠላትም አይሰማኝ! ይኸው እሱ ባይኖር አስረውኝ ነበር" እያሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሰው ሁሉ "መምህር፣ አንተ ሰው!" አለኝ። ማርቆስ ግን ቢላውን አስቀመጠ። ለዓመታት ሬዲዮ በጀርባው የተሸከመ፣ ሞገድ የት እንደሚገባ የት እንደማይገባ በነፍሱ የተማረ ሰው ነው። ዓይኑ ከእናቱ ላይ ተነሥቶ በጓሮው በር በኩል መጋዘኑን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በዚያች መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የዘለልኳት ዓረፍተ ነገር እዚያው በግ ሥጋ ላይ ተነበበችልኝ።

"በሬዲዮ ተናግረህ ነበር እንዴ ልጄ?" አሉ እትዬ አበበች። "እዚያ እያለህ?"

"አልተናገርኩም እማ" አለ ማርቆስ። "ተራው አልደረሰኝም። በደንብ ነው የሰማሽው፤ እኔ አልነበርኩም።"

"እንዲህ ነው!" አሉ እሳቸው፤ ፊታቸው በራ። አንድ ክረምት ሙሉ ጆሯቸው እንዳልበደለው ማወቁ ዕረፍት ሆናቸው።

ስንወጣ ማርቆስ እስከ አጥሩ ሸኘን። ታደለች ልጅቱን አዝላ ቀደም ስትል እሱ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"ተናግሬ ነበር" አለኝ በዝግታ። "ክረምት ላይ። አንድ ደቂቃ ይሰጡናል። ስሜን፣ አገሬን፣ የእናቴን ስም ተናገርኩ። ጊዜ ተረፈኝና 'ታደለች፣ ጠብቂኝ' አልኩ።"

አጥሩን ያዝኩ።

"ለእናቴ እንዳትነግራት፤ ቆርቆሮውን እኔ ነኝ የመረጥኩት ብላ ትሞትብኛለች። ለታደለችም አትንገራት፤ ምን ታደርገዋለች? አንተ ስለ ድምፁ ነው ያሰብከው፤ ስለ ሞገዱ ማን ያስባል" አለኝና ትከሻዬን ልክ እንደ እናቱ መታ አድርጎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ይኼን ነገር አንድም ቀን አላነሣብኝም። ቢሰድበኝ ኖሮ፣ ቢደበድበኝ ኖሮ፣ ምናልባት እስከ ዛሬ ተገላግዬ ነበር።

ማርቆስ ዱራሜ ወርዶ የሬዲዮ መጠገኛ ከፈተ፤ በኋላ ቴሌቪዥን፣ በኋላም ሞባይል። ዘግይቶ አገባ፣ ወለደ። መስቀል በመጣ ቁጥር እናቱ ዘንድ ሲመጣ እኛንም ይጠይቃል፤ ለልጆቼ ከረሜላ፣ ለታደለች አክብሮት፣ ለእኔ ደግሞ ያንን ዝምታ ይዞ። እትዬ አበበች በጥሩ ሽምግልና አረፉ፤ ሳያውቁ። መጋዘኑ ፈርሶ ቆርቆሮው አጥር ሆነ። እኔም እያስተማርኩ ኖርኩ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ዘልያት አላውቅም፤ ከዓመት ዓመት ፈተና አወጣባታለሁ፣ ልጆቹም "የመምህር ብረት" ይሏታል። ሌሊት ጎኔ የተኛችውን ሴት እያየሁ፣ የተጠራችበትን ጥሪ እኔ ብቻ እንደማውቅ እያሰብኩ፣ የእሷን ዕድሜ በሌባ እጅ እንደያዝኩ ይሰማኛል። አብረን ክፉ አልኖርንም፤ ሳቅ ነበረን፣ ልጆች አሉን። ይኼ ሁሉ ደስታ ግን የሰው ነው።

ማርቆስ ዘንድሮ በበልግ ታሞ አረፈ። ዱራሜ ለቅሶ ደርሰን፣ አድረን፣ በማግሥቱ በሚኒባስ ስንመለስ ሾፌሩ ዶዮገና ላይ ቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ ጎመንና ድንች ሊገዛ ወረደ፤ እኛም ወረድን። ጭጋጉ መሬት ላይ ነበር። ታደለች ነጠላዋን አጥብቃ አንድ የጎመን ክምር አጠገብ ቆመች፣ ጎመኑን ግን አላየችውም።

"ማርቆስ በሬዲዮ ተናግሮ ነበር አሉ" አለችኝ። "አብሮት የተማረከ ሰውዬ ነው ለቅሶው ላይ የነገረኝ። አጠገቡ ቆሞ ነበር አለ። አንተ ታውቅ ነበር?"

መዋሸት አልቻልኩም። የማርቆስን አደራ ልጠብቅ ብልም አደራ ሰጪው ትናንት ተቀብሯል።

"አውቅ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ።"

"ምን ብሎ ነበር?"

ነገርኳት። ስሙን፣ አገሩን፣ የእናቱን ስም፣ ከዚያ የእሷን ስም፣ ከስሟ ቀጥሎ ያለውን ቃል። ስለ ቆርቆሮውም፣ እኔ "ጥሩ ነው" ስላልኩት ነገርም፣ እዚያው ጭጋግ ውስጥ፣ ሻጯ "እናንተ፣ ትገዛላችሁ ወይስ?" እያለችን ነገርኳት። ታደለች ሳታቋርጠኝ ሰማች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ አላለቀሰችም። ስለ መጋዘኑ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ስለ ሞገዱም አልጠየቀችኝም።

"እኔ እየጠበቅሁት ነበር" አለችኝ። "ትንሽ ቆይ ስልህ ያልጠበቅኸው አንተ ነህ።"

ከዚያ ጎንበስ ብላ ሁለት ጎመን መረጠች፣ ከፈለች፣ አንሥታ ሰጠችኝ። ጎመኑን ታቅፌ ወደ መኪናው ተከተልኳት።